ቀን ነው ማታ?

ነገሩ ወዲህ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ወዳጄ የኮምፒዩተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ጽሑፌን የሚገዛ ጋዜጣና መጽሔት በጠፋበት ወር (የማይጠፋበት ወር ጥቂት ነው) ከቤቱ ጥግ አንድ ወንበር ይዤ ለሰው ማመልከቻና «ሲቪ» አዘጋጃለሁ። ጋዜጠኝነትን በዲፕሎማ ያጠና ሰው የሌላውን ሕይወት በሁለት ገጽ ማሳጠር አያቅተውም። ሥራው ዳቦ ይገዛል። ደግሞም ሰው በምን እንደሚኮራና ምኑን እንደሚሸሽግ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ቦታ አላውቅም፤ ምናልባት የንስሐ አባቶች ያውቁ ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ አንዲት ሴት መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። ከቦርሳዋ በጥንቃቄ የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። የሥራ ማስታወቂያ ነው። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፣ ጾታ አይለይም፣ ደመወዝ በስምምነት። እርሷ ግን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ ገንዘብ ያዥ፣ ኋላም ረዳት የሂሳብ ሠራተኛ ሆና የሠራች ሰው ናት። ዲግሪዋን ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም. ማታ ማታ ተምራ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋ ነው የያዘችው።

«ታዲያ እህቴ፣ 12 ዓመት የሠራሽ ሰው 0 ዓመት ላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላት፣

«ከምረቃ በኋላ ያለው ብቻ ነው የሚቆጠረው አሉኝ» አለች።

ሁሉንም ጽፌ «የትምህርት ደረጃ» ከሚለው ስደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ኤክስቴንሽን የሚለውን ትጽፈዋለህ ወይስ ትተወዋለህ?» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ ያደረገችበት አኳኋን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሰው የእስር ቤት ታሪኩን ሲናገር እንዲያ ያደርጋል። እኔም የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን በማታ የያዝሁ ነኝና ገባኝ። «ተይው» አልኳት። «ዲግሪሽ ላይ አልተጻፈም። ያልተጻፈውን እኛ ምን አስጻፈን?»

ተውነው። ለፈተና ተጠራች፤ በጽሑፍ ፈተናውም አለፈች። ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከመካከለኛው ወንበር የተቀመጡት ሰውዬ ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «ቀን ነው ማታ?» ሲሉ ጠየቁ። «ማታ» አለች። «ታዲያ እዚህ ላይ ለምን አልጻፍሽም?» ከዚያ ወዲያ ስለ ሂሳብ አንድም ጥያቄ አልቀረበላትም። በሳምንቱ ወደ ወዳጄ ቤት ተመልሳ መጥታ የነገረችኝ ይህን ነው። «ብጽፈው አይጠሩኝም፤ ባልጽፈው ደበቅሽ አሉኝ። የቱን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ መልሼላት ሳይሆን ሻይ ጋብዤ ነው የሸኘኋት። የምክሩ ባለቤት እኔ፣ የውርደቱ ባለቤት እርሷ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ሳሰላስለው ቆይቻለሁ። ጥፋቱ የምክሬ ነው ወይስ የጠያቂው? ዛሬ መልስ አለኝ፤ አንባቢ ይፍረደኝ።

«ኤክስቴንሽን» የሚለው ቃል ሲወለድ ስድብ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ከአጥሩ ወጥቶ እጁን ወደ ከተማው፣ ወደ ሠራተኛው ዘረጋ ማለት ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 የትም ቢማር ፈተናዬን ያለፈ ሰው ዲግሪዬን ይወስዳል ብሎ በሩን ከፈተ። በአሜሪካ ሐርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1910 የሥራ ሰው ሊማርበት የሚችል የኤክስቴንሽን ትምህርት ጀመረ። ከዚህኛው ጀርባ ያለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1836 የሞተ ጆን ሎዌል የሚባል የቦስተን ባለጸጋ ኑዛዜ ነው፤ ገንዘቡን ለሕዝብ ትምህርት ትቶ ሲሄድ፣ ጠለቅ ላለው ትምህርት የሚከፈለው ዋጋ ከሁለት ቡሼል ስንዴ ዋጋ እንዳይበልጥ አሰረ። ቡሼል የእህል መስፈሪያ ነው፤ እንደኛ ቁና በሉት። ይገርማል! ትምህርትን በስንዴ የለካ ሰው ነበር፤ እኛ ደግሞ በሰዓት እንለካለን።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም የኤክስቴንሽን ትምህርት የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኖ ዘለቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቀኑ በር ጠባብ ነበር። በ1986 ዓ.ም. እንኳ በዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ብቻ ነበሩ፤ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ሁለት! ማትሪክ ተፈትኖ ነጥቡ በጥቂት የጎደለበት፣ አባቱ ሞቶበት ታናናሾቹን ለማሳደግ ሥራ የገባ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ የተዳረች... ይህ ሁሉ ሰው የት ይሂድ? የሄደው ማታ ነው። መምህሩም በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ እየገባ፣ ዕረፍቱን እየሸጠ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ አደገ። ልጆቻችን ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ከማን እንደሆነ የሚጠራጠር ካለ ትምህርት ቤት ሄዶ መምህራኑን ይጠይቅ።

ታዲያ ቃሉ እንዴት ስድብ ሆነ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሥሩ «መደበኛ» የሚለው ሌላኛው ቃል ይመስለኛል። የቀኑን ትምህርት «መደበኛ» ስንል የማታውን ሳንናገር ሌላ ነገር አደረግነው። «ኢ-መደበኛ» የሚለው ቃል በዜና ላይ ለምን ለምን እንደሚውል አንባቢ ያውቃል። ኤክስቴንሽንማ እቤታችንም አለ፤ ሶኬት ሲርቀን የምንዘረጋው ገመድ ነው። በገመዱ የሚያልፈው መብራት ከግድግዳው ሶኬት ከሚወጣው ይለያል የሚል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

አንድ የማከብረው ወዳጄ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል የሚሠራ፣ ይህን ሁሉ ስነግረው እንዲህ ሲል ሞገተኝ። «አሠሪ የማወቅ መብት አለው። ማታ የሚማር ሰው ደክሞት ነው የሚመጣው። መምህሩም ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ ደክሞት ነው የሚመጣው። ሁለት ድካም ተገናኝቶ ምን ዕውቀት ይወጣዋል?» አባባሉ ሐሰት አይደለም። እኔም የነበርኩበት ነው። ከሥራ ወጥቶ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ ቆሎ በኪስ ይዞ ክፍል መግባት፣ መምህሩ ሳይመጣ መቅረቱን ከአንድ ሰዓት ጥበቃ በኋላ መስማት፣ መብራት ሲጠፋ በሞባይል ብርሃን ማስታወሻ መገልበጥ፣ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ታክሲ ፍለጋ መንከራተት... ይህ ሁሉ አለ። የርቀት ትምህርት ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰም አለ፤ ሞጁሉን ሳይገልጥ የቤት ሥራውን በገንዘብ አሠርቶ የሚልክ ሞልቷል። የመመረቂያ ጽሑፍ «እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ በየመብራት ምሰሶው ተለጥፎ የለም እንዴ? ከወዳጄ ቤት በር ላይ ሳይቀር አንድ ጊዜ ተለጥፎ ነበር፤ ተጣልተን አስነሣሁት። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያን ማስታወቂያ አይተው ወደ ውስጥ ከገቡት ውስጥ የቀን ተማሪዎችም ነበሩበት። ማጭበርበር ሰዓት አይመርጥም።

ደግሞስ አሁን መለኪያ ጠፋ እንዴ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ በተሰጠው የመጀመሪያው ዙር 150,184 ሰዎች ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61,054 ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62.37 ከመቶ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17.2 ከመቶ ብቻ ናቸው። የግል ኮሌጆች በዚህ ቁጥር ሊያፍሩ ይገባል፤ አልከላከልላቸውም። ነገር ግን ቁጥሩ የተከፈለው በተቋሙ ባለቤት እንጂ በትምህርቱ ሰዓት አይደለም። የግል ኮሌጅ የቀን ተማሪ አለው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም የማታ ተማሪ አለው። ያቺ ሴት የተፈተነችው ከቀኖቹ ልጆች ጎን ተቀምጣ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ነው። አገር አቀፍ ፈተና «አልፋለች» ካለ፣ ከመካከለኛው ወንበር የተቀመጡት ሰውዬ «ቀን ነው ማታ?» የሚሉት ምን ፈልገው ነው? የጽሑፍ ፈተና ራሳቸው አዘጋጅተው ፈትነዋታል፤ አልፋለች። ከዚህ በኋላ የሂሳብ ጥያቄ ጠይቀው ቢጥሏት አፌን በያዝሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ዕውቀትን መመዘን ያቃተው ሰው ሰዓትን ይመዝናል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። እርሱም ያ «0 ዓመት» የሚሉት ነገር ነው።

በብዙ የሥራ ማስታወቂያ ላይ የሥራ ልምድ የሚቆጠረው ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። ለቀን ተመራቂ ይህ ምንም አይጎዳውም፤ ከምረቃ በፊት የሠራው ሥራ የለውምና። ለማታ ተመራቂ ግን ይህ ደንብ ያለፈ ዕድሜን በላጲስ ማጥፋት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ስትቆርጥ፣ ካዝና ስታስረክብ፣ በየሰኔው የዓመቱን ሂሳብ ለመዝጋት ስታመሽ፣ አንድ ብር ጎድሎ ከኪሷ ስትተካ የኖረች ሴት፣ ዲግሪዋን በያዘች ማግስት ትናንት ከመኝታ ክፍሉ ሻንጣውን ይዞ ከወጣ ወጣት ጋር እኩል «ጀማሪ» ትባላለች። ይባስ ብሎ ከወጣቱ ታንሳለች፤ እርሱ «መደበኛ» ነዋ! ዲግሪ ሳትይዝ የሠራችውን ሥራ የዲግሪ ሥራ አይደለም ብለው ነው የሚተዉት። ይሁን፣ ሙሉውን አትቁጠሩት። ግማሹንስ? ሲሶውንስ? ክፍል ውስጥ በመጽሐፍ የተማረችውን በማግሥቱ ጠዋት በእጇ ስትሠራው የከረመችባቸው እነዚያ ስድስት ዓመታት ከየትኛው ሚዛን ላይ ነው የወደቁት?

ስለ ክፍያውም አንድ ነገር ልበል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቀን የሚማር ሰው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል እየፈረመ ነው የሚማረው፤ የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ክፉ አሠራር አይደለም። ድሃው ገበሬ ልጁን ያስተማረው በዚህ ነው፤ በአንድ ክፍል ተደራርበው ተኝተው፣ የካፌውን ወጥ ታግሠው የተመረቁትን ልጆች ማቃለል የለብንም። ግን ልብ በሉ፤ የቀኑ ተመራቂ ዲግሪውን የያዘው በዱቤ ነው። የማታዋ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ክሬዲት አወር እያባዛች፣ ዕቁብ እየገባች፣ በእጅ በእጅ ከፍላለች። ከሁለቱ ማን ነው «በጓሮ በር ገባ» የሚባለው? ገንዘቡን ቆጥሮ ከፍሎ በፊት ለፊት የገባውን ሰው ሌባ ማድረግ የኛ አገር ብልሃት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «እንግዲያው ሁሉም እንዳሻው ይጻፍ ነው የምትለን?» ሊለኝ ይችላል። በፍጹም! ከወገኖቼ ጋርም ጠብ አለኝ። ወዳጄ ቤት ተቀምጬ ያየሁትን ጉድ እኔ ነኝ የማውቀው። በርቀት የተማረውን «በመደበኛ» ብለህ ጻፍልኝ ያለኝ አለ። ስድስት ዓመት የፈጀበትን አራት አስመስለህ ዓመተ ምሕረቱን አስተካክለው ያለኝ አለ። ከአንድ የግል ኮሌጅ ተመርቆ፣ ኮሌጁ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበሩ ብቻ የውጭውን ስም ከላይ፣ የኮሌጁን ስም የትም እንዳላደርግ የለመነኝም አለ። ለእነዚህ አልጻፍኩም፤ ሁለቱ ተቆጥተው ሌላ ጽሑፍ ቤት ሄደዋል። ኤክስቴንሽን የሚለውን ቃል ያረከሰው አሠሪው ብቻ አይደለም። ሐሰተኛ ማስረጃ በየመሥሪያ ቤቱ ሲመነጠር፣ ላቡን አፍስሶ የተማረውም አብሮ በጥርጣሬ ይታያል።

የሐርቫርዱ ነገር እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። እዚያ በኤክስቴንሽን ትምህርት ቤቱ የተመረቀ ሰው የሚያገኘው የመጀመሪያ ዲግሪ «ባችለር ኦቭ ሊበራል አርትስ ኢን ኤክስቴንሽን ስተዲስ» የሚል ስም ይዞ የኖረ ነው። ተመራቂዎቹ በዚህ ስም ሲያጉረመርሙ ኖረዋል፤ ለእኔ እውነት አላቸው። «የኤክስቴንሽን ጥናት» የሚባል የዕውቀት ዘርፍ የት አለ? ሰው የተማረውን እንጂ የገባበትን በር ስም በዲግሪው ላይ ማተም ነውር ነው። ነገር ግን ከዚያው ተመርቆ በወረቀቱ ላይ «ሐርቫርድ ኮሌጅ» ብሎ የሚጽፍ ቢገኝ እርሱ ዋሽቷል፤ ሐርቫርድ ኮሌጅ የቀን ተማሪዎቹ ትምህርት ቤት ነውና፤ መግቢያውም ሌላ፣ ዲግሪውም ሌላ ነው። ሁለቱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር መሆናቸው አንዱን ሌላውን አያደርገውም። በትምህርት ቤቱ ስም የሚያፍር ከሆነ መጀመሪያውኑ ባልገባ!

የኛው ግን እንዲህ አይደለም። እኔ የማውቃቸው የማታ ተማሪዎች የተማሩት ከቀኖቹ ጋር በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር ነው። የኮርሱ ስምና ቁጥር አንድ፣ መምህሩ ብዙውን ጊዜ አንድ፣ የሬጅስትራሩ ማኅተም አንድ። በወዳጄ ቤት ፎቶ ኮፒ ሲነሡ ያየኋቸው ዲግሪዎች ከዋናው ወረቀት ላይ ቀን ወይም ማታ የሚል አላነበብኩባቸውም፤ የተማሪው ነጥብ በተዘረዘረበት ወረቀት ላይ ግን «ፕሮግራም» ከሚለው ፊት ለፊት «ኤክስቴንሽን» የሚል አይቻለሁ። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ዲግሪው ላይ ያልጻፈውን፣ ተመራቂዋ በቅንፍ ውስጥ ጨምሪ የምትባለው በምን ሕግ ነው? ቅንፍ ትንሽ ምልክት ትመስላለች። በሥራ ማመልከቻ ላይ ግን ቅንፍ ማለት «ይቅርታ» ማለት ነው። «ቢ.ኤ. ዲግሪ (ኤክስቴንሽን)» ብሎ የጻፈ ሰው ገና ከበሩ ይቅርታ እየጠየቀ ገብቷል።

ስለዚህ የኔ አቋም እነሆ። ዲግሪው ላይ የታተመውን ስም አንድ ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ። በርቀት የሚል ከታተመበት በርቀት፤ የኮሌጅ ስም ካለው ከነኮሌጁ። ዓመቱን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይሸራርፉ ማስቀመጥ፤ ስድስት ከሆነ ስድስት፣ ስምንት ከሆነ ስምንት። ከዚያው በታች በእነዚያ ዓመታት ይሠሩት የነበረውን ሥራ መጻፍ። ማንበብ የሚችል አሠሪ ሁለቱን መሥመር አስተያይቶ ነገሩን ይረዳል፤ ማንም አልደበቀውም። ከጠየቀም «ማታ» ብሎ ድምፅን ሳይቀንሱ መመለስ ነው። እኔ ለዚያች ሴት የሰጠሁት ምክር ጎደሎ የነበረው እዚህ ላይ ነው። ቅንፉን ተይው ማለቴ ልክ ነበር። ዓመቱን ግን «ተመራቂ፣ 2015» ብዬ ብቻ አሳጠርኩት፤ መጀመሪያውን ቆረጥሁት። ሰውዬው ደበቅሽ ሲሏት የደበቅሁት እኔ ነኝ።

በርቀትና በማታ የተማረ ሰው የትም አይደርስም የሚሉትን ግን አንድ ሁለት ሰው ላስታውሳቸው። በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪውን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1989፣ ገና እስረኛ ሳለ፣ በርቀት ከሚያስተምረው ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሳቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 ያገኙት፣ አገር እየመሩ፣ በርቀት ከሚያስተምረው ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። ማንም «ቀን ነው ማታ?» አላላቸውም። የሚገርመው ግን እርሳቸው የሚመሩት መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በአገሪቱ የርቀት ትምህርት በመንግሥትም በግልም ተቋማት እንዲቆም ማዘዙ ነው። ከተቋማቱ ጋር ንግግር ተደርጎ እገዳው በኋላ ላላ። የጥራት ጉድለቱ እውነት ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ጎበዙንም ሰነፉንም በአንድ ቃል ጠርቶ በአንድ ቀን ማገድና፣ ከመካከለኛው ወንበር ተቀምጦ ወረቀት ገልብጦ «ቀን ነው ማታ?» ማለት የአንድ አባት ልጆች ይመስሉኛል። ሁለቱም ፈትኖ የመለየትን ድካም ይሸሻሉ።

ለሰው ኃይሉ ወዳጄ ይህን ሁሉ ብነግረው፣ «እሺ፣ አንተ ብትሆን ምን ትጠይቃታለህ?» አለኝ። ባንክ ያለው ሂሳብና መዝገቡ ላይ ያለው ሳይገናኝ ሲቀር ከየት ትጀምሪያለሽ? ብዬ እጠይቃታለሁ አልኩት። ሳቀ። «ይህንማ የቀኑ ልጅ አይመልሰውም፤ ሠርቶት አያውቅማ!» አለኝ። የተናገረው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባው አልመሰለኝም።

ሴትዮዋ ባለፈው ወር ተመልሳ መጣች። አሁንም ሌላ የጋዜጣ ቁራጭ ይዛለች፤ አታጣጥፍም ነበር የሚያሰኝ አይደለም፣ እንደ ልማዷ በአራት አጥፋዋለች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ዓመቱን መቁረጤ ጥፋት እንደነበር ነገርኳትና ከላይ የጻፍኩትን አቋሜን አስረዳኋት። እስክጨርስ ታግሣ አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ «አሁን እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ» አለች።

ጻፍኩ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ፦ ገንዘብ ያዥ፣ ቀጥሎም ረዳት የሂሳብ ሠራተኛ፤ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30። ከ2009 እስከ 2015 ዓ.ም.፦ ቢ.ኤ. ዲግሪ በአካውንቲንግ፤ ከምሽቱ 12፡00 እስከ 2፡30።

«ሰዓቱም ይጻፍ?» ብላት፣ «ይጻፍ» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። ወዳጄም ከማተሚያው ጎን ቀና ብሎ አየን። ሦስት ቅጂ አውጥተን ሰጠናት። አንዱን ለማመልከቻው፣ አንዱን ለመጠባበቂያ አደረገችው፤ ሦስተኛውን ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ለገባችው ልጇ ልታሳያት ከቦርሳዋ ከተተችው። ማመልከቻው የሚዘጋው በማግሥቱ አርብ ስለነበር ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች።